«7518» ስል ድምፄ ተቆረጠ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን በስልኬ እከታተላለሁ፤ አንድ ቀን የራሴን ጉዳይ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

የ21 ዓመት ወጣት ነኝ። የተወለድኩት ጎጃም ገጠር ነው፤ አባቴ መሪጌታ ናቸው። ፊደል የቆጠርኩትም ዳዊት የደገምኩትም እሳቸው እግር ሥር ቁጭ ብዬ ነው። በ12 ዓመቴ ዲያቆን ሆንኩ። አሁን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የባዮሎጂ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ።

ያለፈውን እንቁጣጣሽ አገሬ ሄጄ ነበር ያሳለፍኩት። በየዓመቱ ባሕረ ሐሳቡን (የዓመቱን የበዓላትና የአጽዋማት ስሌት) የሚያውጁት አባቴ ነበሩ፤ ያን ዕለት ግን «ዓይኔ ደክሟል፣ አንተ አንብብልኝ» ብለው ወረቀቱን ሰጡኝ። ሕዝቡ ፊት ቆምኩ። «ዓመተ ዓለም ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ ስምንት» ስል ድምፄ ተቆረጠ። ከጥቂት ወራት በፊት ስለ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ተምሬ፣ ፈተናውን ጽፌ፣ ጥሩ ውጤት አምጥቼ ነበር። ሕዝቡ ጉንፋን የያዘኝ መሰለው። አባቴ ግን አዩኝ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ላይ ስቆም የሰው ልብስ የለበስኩ ይመስለኛል። በግቢ ጉባኤ የማከብረውን አንድ ታላቅ ወንድም ብጠይቀው «ጥርጣሬ ከሰይጣን ነው፣ ስገድ» አለኝ። ሰገድኩ፤ ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ዶርም ደግሞ አንዱ ልጅ ማተቤን እያየ «ባዮሎጂ እያጠናህ ይህን ክር አታወልቅም?» ይለኛል።

አሁን መምህሬ ሐምሌና ነሐሴን ቅሪተ አካል ከሚያጸዱ ባለሙያዎች ጋር በረዳትነት እንድሠራ ጠይቀውኛል። ልቤ ሥራውን ፈልጎታል። አባቴ ደግሞ ለፍልሰታ ገብቼ እንድቀድስ ይጠብቁኛል። ምን እንደማጠና በቅጡ አያውቁም፤ ለጎረቤት «ልጄ ሐኪም ሊሆን ነው» ይላሉ። ልንገራቸው? ድቁናውን ልተወው? ወይስ ሥራው ይቅርብኝ? ሁለቱንም ይዞ የሚኖር ሰው ውሸታም አይደለም ወይ?

ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ


ልጄ፣

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉ ይልቅ ውስጤ የቀረችው «አባቴ ግን አዩኝ» ያልካት ነገር ናት። እስቲ ረጋ ብለህ ራስህን ጠይቅ፦ ያን ዕለት ጉሮሮህን ያነቀህ ቁጥሩ ነው ወይስ የአባትህ ዓይን? የፈራኸው እግዚአብሔርን አጣለሁ ብለህ ነው ወይስ አባቴን አጣለሁ ብለህ? ሁለቱ ፍርሃቶች አብረው ስለመጡብህ አንድ መስለውህ ይሆናል። እኔ ከዚህ ሆኜ ሳየው የሁለተኛው ድርሻ የሚበልጥ ይመስለኛል። ተሳስቼም ሊሆን ይችላል፤ የውስጥህን የምታውቀው አንተ ነህ።

ስለ ቁጥሩ ግን ዝም ብዬ አላልፍህም፤ የጠየቅኸው ከልብህ ነውና።

ከዓመታት በፊት አያቴ ለሕክምና ከገጠር መጥተው እኔ ጋ ሰንብተው ነበር። አንድ ቀን አምስት ኪሎ ሙዚየም ወሰድኳቸው። ድንቅነሽ ዘንድ ስንደርስ (ለእይታ የሚቀመጠው ቅጂው እንደሆነ ታውቃለህ) ነጠላቸውን አስተካክለው አማተቡና «እናቴ፣ ነፍስሽን ይማር» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ዕድሜዋ ስንት ነው?» አሉኝ። እኔም ያነበብኩትን ለማሳየት ቸኩዬ «ሦስት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ዓመት» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱን አላልኩሽም። ስትሞት ስንት ዓመቷ ነበር?» ጥርሷን ያጠኑት ሰዎች ገና ወጣት እንደነበረች ይናገራሉ፤ እሱን ስነግራቸው አያቴ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ልጅ ናት በዪኛ!» ብለው እዚያው ቆመው ቀሩ።

ሁለታችንም ያወራነው ስለ ዕድሜ ነበር። የእኔ መልስ ስህተት አልነበረም፤ እሳቸው የጠየቁትን ግን አልመለሰም።

አሁን 7518ን አብረን እንየው። ከእኔ የተሻለ ታውቀዋለህ፤ ከሁለት ቁጥሮች የተደመረ ነው፤ 5500 ዓመተ ፍዳ፣ 2018 ዓመተ ምሕረት። አዳም ከገነት ሲወጣ «በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» የሚል ተስፋ ተሰጠው ብለው አባቶች ያስተማሩህን አስታውስ። ቀኑ እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ 5500 ሆነ። እንግዲህ መሪጌታ አባትህ እንቁጣጣሽ ማለዳ ቆመው የሚያውጁት ሰው ለምን ያህል ጊዜ ምሕረትን እንደጠበቀ፣ ምሕረት ከመጣለት ደግሞ ስንት ዘመን እንደሆነው ነው። የአዋጁን ሁለት ግማሾች ስማቸው ይናገራል፤ ፍዳና ምሕረት ብለው ነው የጠሯቸው። እዚያ ቆመህ ያን ስታነብ ድንቅነሽ ስለተገኘችበት ስለ ሐዳር አፈር የተናገርከው ውሸት የለም።

እዚህ ላይ ግን ልሸነግልህ አልፈልግም። አባቶች ይህን ቁጥር የዓለምም ዕድሜ አድርገው ቆጥረውታል፤ «ዓመተ ዓለም» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ስድስቱን ቀን ፀሐይ ወጥታ እንደምትጠልቅበት ቀን፣ 22ቱን ሥነ ፍጥረት እንደተጻፈው የሚቀበሉ ብዙ ምእመናን ዛሬም አሉ፤ አባትህም እንደዚያው ይሆናሉ። ከዚህ ሌላ ደግሞ መጽሐፉ ማን እንደፈጠረና ለምን እንደፈጠረ ሊነግረን ነው የተሰጠን፣ እንዴትና በስንት ዘመን የሚለውን ለመርማሪ ትቶታል የሚሉ አማኞች አሉ። እነዚህም ይጾማሉ፣ ያስቀድሳሉ። «ሺህ ዓመት በፊትህ እንዳለፈች እንደ ትናንት ቀን» የሚለውን መዝሙር ይጠቅሳሉ። አንተም ሳትጠቅሰው አትቀርም። ሺሁን በሚሊዮን እያባዛህ ግን ከድንቅነሽ ጋር ለማስታረቅ አትድከም፤ መዝሙሩ የተዘመረው ለሒሳብ አይደለም።

የሳይንስ ግኝት በሰማ ቁጥር «ይኸው፣ መጽሐፋችን ቀድሞ ተናግሮታል» የሚልም አለ። በዚህኛው አልስማማም። አጽናፈ ዓለሙ እየሰፋ ነው የሚለውን ሐሳብ በ1927 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያቀረበው ቤልጂማዊው ዦርዥ ለሜትር ካህን ነበር። በ1951 የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ይህን ሳይንስ ለፍጥረት ማስረጃ አድርገው ሲናገሩ ደስ ሊለው ይገባ ነበር ትል ይሆናል። አልተደሰተም፤ እንዲህ ዓይነት ንግግር እንዲቀር ነው የመከረው። ካህኑ እምነቱን በቴሌስኮፕ ላይ ማስደገፍ አልፈለገም። ነገ ስሌቱ ቢሻሻል እግዚአብሔርም አብሮ ሊሻሻል ነው? እኔ ይህን ሰው በጣም አከብረዋለሁ፤ ጠዋት ቀድሶ ከሰዓት ስሌቱ ላይ ሲቀመጥ አንዱን የሌላው ምርኩዝ አላደረገውም።

በራስህ ትምህርት ደግሞ ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪን ሳታውቀው አትቀርም። የዘር ውርስንና ዝግመተ ለውጥን አንድ ላይ ካጣመሩት ታላላቅ ሳይንቲስቶች አንዱ ነው። በ1973 ያለ ዝግመተ ለውጥ ብርሃን ባዮሎጂ ትርጉም እንደማይሰጥ የተከራከረበትን ጽሑፍ ሲያወጣ፣ እዚያው ውስጥ ራሱን በፈጣሪም በዝግመተ ለውጥም የሚያምን ሰው አድርጎ ገልጿል። ኦርቶዶክሳዊ ክርስቲያን ነበር። የአተር አበባ እያዳቀለ የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው ሜንዴል ደግሞ መነኩሴ እንደነበር የመጀመሪያ ዓመት ላይ ነግረዋችኋል። እነዚህን ሰዎች የጠራሁልህ ለክርክር እንዲሆኑህ ብዬ አይደለም፤ ያለፍክበት መንገድ የሰው ዳና ያለበት መሆኑን እንድታይ ብዬ ነው። ዶርም ውስጥ ሙስሊም ጓደኛ ካለህ እሱንም ጠይቀው፤ የረመዳን ጨረቃ በዓይን ትታይ ወይስ በሥነ ፈለክ ስሌት ትታወቅ የሚለውን ክርክር ሲነግርህ ብቻህን እንዳልሆንክ ይገባሃል።

አሁን ወደ አባትህ ልመለስ።

የአባትህ ሥራ ምን እንደሆነ አስበህበት ታውቃለህ? ፀሐይና ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ተመልሰው እንደሚገናኙ፣ 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር በሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ እንደሚለያይ የሰው ልጅ ያወቀው ሰማይን ትውልድ በትውልድ ሲመለከት ነው። ያ ዑደት በባሕረ ሐሳብ ውስጥ ተቀምጧል፤ በእኛ ትውፊት ቀማሪው የእስክንድርያው ድሜጥሮስ ነው። አባትህ ዓመተ ዓለሙን ለ19 አካፍለው፣ ከቀሪው አንድ ቀንሰው፣ በ11 አባዝተው፣ በ30 ገድፈው አበቅቴ የሚባለውን የጨረቃ ቁጥር ሲያወጡ በሰማይ አካላት ጉዞ ላይ የቆመ ስሌት እየሠሩ ነው። በሐዳር ደግሞ ከድንቅነሽ አጽም አካባቢ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ አንድ ዓይነት ፖታስየም በሚታወቅ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ የተጠራቀመው ጋዝ ተለክቶ አመዱ ከወደቀ ስንት ዘመን እንደሆነው ይሰላል። አንዱ ጨረቃን ይቆጥራል፣ አንዱ ጋዝ ይለካል። ሁለቱም የማይዋሽ ነገር ፈልገው በእሱ ላይ ይተማመናሉ። ሕግ ባለው ፍጥረት ላይ የሚተማመን አእምሮ ዩኒቨርሲቲ አልሰጠህም፤ ከቤትህ ይዘኸው ነው የመጣኸው። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ለአባቴ መጀመሪያ የምነግራቸው ይህን ነበር።

ስለዚህ፣ ልንገራቸው ወይ ላልከው፦ አዎ፣ ንገራቸው፤ ግን ቀን ምረጥ። በዓል ላይ አይሁን፣ ሰው ፊት አይሁን፣ በስልክም አይሁን። በ«3.2 ሚሊዮን»ም አትጀምር። «አባ፣ እንቁጣጣሽ ዕለት ድምፄ ሲቆረጥ አይተውኛል፤ ለምን እንደሆነ ልንገርዎት» ብለህ ጀምር። እሳቸው ይህን ሁሉ ወራት ያንን ጥያቄ ሆዳቸው ውስጥ ይዘው የተቀመጡ ይመስለኛል። «ሐኪም ሊሆን ነው» የሚሉትንም ያኔ አስተካክልላቸው። ሙያህን ከሌላ ሰው አፍ ቢሰሙት ከድንቅነሽ ዕድሜ ይልቅ የሚያማቸው እሱ ነው።

ምናልባት ይቆጡ ይሆናል። ምናልባት ዝም ይላሉ፤ ዝምታው ከቁጣው ይከብድሃል። ያኔ ለማሳመን አትሞክር። ሰባ ዓመት የጸለዩበትን ነገር በአንድ ማታ እንዲለቁልህ መጠየቅ ግፍ ነው፤ አንተም የተማርከውን በአንድ ማታ ካድ ብትባል እንደማትችለው ሁሉ። ሳትስማሙ አብራችሁ ራት መብላት ትችላላችሁ?

አንድ ነገር ደግሞ ደብዳቤህ ውስጥ አልፈኸዋል። አባትህ «ዓይኔ ደክሟል» ብለዋል። ታይተዋል? ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው፣ ብዙ አረጋውያን በአንድ ቀን ተሠርተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። «ሐኪምን አክብረው» የሚለውን የሲራክን 38ኛ ምዕራፍ ከአንተ በላይ ያውቁታል፤ ጌታ መድኃኒትን ከምድር ፈጠረ፣ ብልህ ሰውም አይንቀውም ይላል። አዲስ አበባ አምጣቸውና አሳክማቸው። እምነትና ሳይንስ ተጣሉ ወይስ ታረቁ እያልን እኛ የምንከራከርበትን ነገር ስንት መሪጌታ ጠበሉን ጠጥቶ፣ የዓይን ጠብታውን ጨምሮ፣ ማኅሌት ቆሞ ያድራል። ዓይናቸው ሲበራ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ አምስት ኪሎ ውሰዳቸው። ምንም አታስረዳ። ምን እንደሚጠይቁህ ብቻ ስማ።

ስለ ድቁናው አትቸኩል። በጭንቀት ወር የሚወሰን ነገር አይደለም። ውሸታም ማለት እውነት እንዳልሆነ ያወቀውን ሰው ለማታለል የሚናገር ነው፤ አንተ ግን ገና እየጠየቅክ ነው። በየዓመቱ ዳግማ ትንሣኤ ላይ የቶማስ ነገር ሲነበብ ቆመህ ትሰማለህ። ቶማስ «ካላየሁ አላምንም» ብሎ እንኳ ስምንት ቀን ከሐዋርያት ጋር እዚያው ቤት ነው የቆየው፤ ማንም ውጣ አላለውም። ያ ወንድም «ስገድ» ሲልህ በክፋት አይመስለኝም፤ መልስ ሲያጣ የሚያውቀውን መድኃኒት ሰጠህ። ለዚህ ግን የንስሐ አባት ነው የሚያስፈልግህ፣ ከተቻለም መጻሕፍት የሚያውቁ። ከመሄድህ በፊት ጥያቄህን በወረቀት በአንድ መስመር ጻፈው። «ሳይንስና ሃይማኖት» ብለህ አትሂድ፤ እንደዚያ ከሄድክ ስብከት ሰምተህ ነው የምትመለሰው። «የሰው ዘር ከአዳም በፊት ነበረ ወይ የሚለው ይረብሸኛል፣ ይህን ይዤ መቀደስ እችላለሁ ወይ?» ብለህ ጠይቅ። የአንድምታ ትርጓሜ ያወጡ ሊቃውንት በአንድ ጥቅስ ላይ «አንድም» እያሉ ሦስትና አራት ትርጉም አስቀምጠው ሁሉንም አቆይተዋል። ስለ ዝግመተ ለውጥ ተናገሩ ማለቴ አይደለም፤ አልተናገሩም። ግን ቤቱ ከአንድ በላይ ትርጉም ሲይዝ የኖረ ቤት ነውና ጥያቄህ ጣራውን አያፈርሰውም። አባ «ለጊዜው ከመቅደስ አገልግሎት ዕረፍ» ቢሉህ እንኳ እንደ ቅጣት አትየው፤ ቅኔ ማኅሌት ቆመህ የምታስቀድስበት ጊዜም ጊዜ ነው።

ሥራውን ተቀበል ባይ ነኝ። ከደብዳቤህ ሁሉ ደስታ ያየሁበት ቦታ «ልቤ ሥራውን ፈልጎታል» ያልክበት ብቻ ነው። ዲኪካ ላይ በ1993 ዓ.ም. የተገኘችውን ሕፃን «ሰላም»ን አስታውስ። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ አጥንቷን ከያዘው አሸዋማ ድንጋይ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ እየፋቀ ለማውጣት ከአምስት ዓመት በላይ ነው የፈጀበት፤ ቅንጣት በቅንጣት፣ ጎንበስ ብሎ። ዳዊት እየደገመ ላደገ ልጅ ይህ እንግዳ ሥራ አይደለም። ፍልሰታን ግን አትተው። ዛሬ ነገ ሳትል መምህርህ ዘንድ ሄደህ «ሐምሌን ሙሉ እሠራለሁ፣ ነሐሴ ከ1 እስከ 16 አገሬ መግባት አለብኝ፣ ከዚያ ተመልሼ እቀጥላለሁ» በላቸው። ምክንያቱንም ሳትደብቅ ንገራቸው። ዲያቆን መሆንህን ያወቁ ዕለት ምን እንደሚሉ አታውቅም፤ በዚያ ሙያ ውስጥ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ ስትገኝ ዕለቱ የነቢያት ጾም መግቢያ እንደነበር ልብ የሚሉ ሰዎችም ይኖራሉ።

ማተብህን ለሚተችህ የዶርም ጓደኛህ ረጅም መልስ አያስፈልገውም። «አባቴ ነው ያሰሩልኝ» ካልከው ይበቃል። ስድብ ከሆነ ያቆማል፤ ጥያቄ ከሆነ ደግሞ አጠገብህ ይቀመጥና ይቀጥላል፤ ምናልባት እሱም የሆነ ቦታ ላይ ያጣው ነገር አለ።

ለፍልሰታ ስትገባ ወረቀትና እርሳስ ይዘህ አባትህ አጠገብ ቁጭ በልና የመጪውን ዓመት ባሕረ ሐሳብ አብረሃቸው አውጣ። 7519 ነው፤ ዘመነ ሉቃስ። እኔ ስሠራው አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ (በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት ቁጥር) 7 መጣልኝ። አባትህ እንዲያዩትና ከተሳሳትኩ እንዲያርሙኝ ለምንልኝ፤ ያሉህን ጻፍልኝ።